ሻቶ ሌኦቪል ባርተን፦ ለጠበቀው የሚከፈት ቀይ ወይን

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በዥሮንድ ውሃ ግራ ዳርቻ ሜዶክ የሚባል ጠባብና ጠጠራማ ምድር ተዘርግቷል። ሳን ዡሊያን በዚያ ምድር መካከል የምትገኝ ትንሽ መንደር ስትሆን፣ ከእርሷ ከሚወጡት ቀይ ወይኖች ሁሉ እኔ ለዓመታት ደጋግሜ የተመለስኩበት ሻቶ ሌኦቪል ባርተን ነው፤ ሻቶ ማለት ወይን የሚመረትበት ርስት ነው። በቅርቡ ቦርዶ ውስጥ በአንድ ወዳጄ ቤት ለእራት ተቀምጠን የ1996፣ የ2000 እና የ2003 ምርቶቹን በአንድ ምሽት ጎን ለጎን ለመቅመስ ዕድል ስላገኘሁ፣ ያየሁትንና የቀመስኩትን በዝርዝር ልጽፍ ወድጃለሁ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የማስቀምጠው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ፍርዴን ከመነሻው ልናገር፦ ይህ ወይን በወጣትነቱ ተከፍቶ ሊመዘን አይገባውም። ሃያ ዓመት ሲሞላው ግን በዋጋው አቅራቢያ ካሉት የቦርዶ ወይኖች መካከል የሚበልጠውን ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሦስቱም ጠርሙሶች የወጡት ከወዳጄ የምድር ቤት ጓዳ ነው። ሁሉንም የገዛቸው ገና አዲስ ሳሉ ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ይህን መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአሮጌ ወይን ግምገማ የሚመዘነው ወይኑ ብቻ ሳይሆን ያሳለፈው አኗኗርም ጭምር ነውና።

የ1996ቱ በብርጭቆ ሲቀዳ መሃሉ ገና ጠቆር ያለ ቀይ ነበር፤ ወደ ጠርዙ እየሳሳ ሲሄድ ግን የሸክላ ጡብ የሚመስል ቀለም ያዘ። መጀመሪያ አፍንጫዬ ላይ የደረሰው ፍሬ ሳይሆን እንጨት ነው፤ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሽታ፣ እንደ ጥድ ያለ ደረቅና ንጹሕ መዓዛ። በዚህ አካባቢ ካቤርኔ ሶቪኞን ከሚባለው የወይን ፍሬ ዝርያ የተጠመቀ ወይን ሲያረጅ የሚታወቅበት ሽታ ይህ ነው፣ ግን እንዲህ ጥርት ብሎ የሚገኘው በመልካም ዘመን ምርት ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ብርጭቆው ውስጥ ሲቆይ የትንባሆ ቅጠል፣ ትንሽ ቆዳና ዝናብ የጠገበ የደን ወለል የሚያስታውስ ሽታ ተከተለ፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ ካሲስ የሚባለው ጥቁር ፍሬ፣ ትኩስነቱ ቢያልፍም ጣፋጭነቱ ሳይጠፋ፣ በደረቀ መልኩ ይሰማ ነበር። ምላስ ላይ ሲያርፍ የጠበቅሁት ክብደት አልነበረውም። ቀጥ ያለ፣ ቀልጠፍ ያለ ወይን ነው፤ ኮምጣጣነቱ ከመጀመሪያው ጉንጭ እስከ መጨረሻው ይሸከመዋል፤ ያ ጠንካራ የካቤርኔ ታኒን፣ ማለትም አፍን የሚያደርቀው ንጥረ ነገር፣ ደግሞ ድድን የሚያኮማትርበት ኃይሉ ለዝቦ፣ አሁን የቀረው እንደ ደቃቅ ዱቄት ያለ ስሜት ብቻ ነው። ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ አፍ ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ለመለካት አልሞከርኩም፤ ነገር ግን ሦስታችንም ከተጎነጨን በኋላ ለመናገር ሳንቸኩል ዝም ብለን መቆየታችንን አስተውያለሁ።

የ1996 ዘመን በሜዶክ ለካቤርኔ ሶቪኞን የተመቸ ነበር። መስከረሙ ደረቅና ፀሐያማ፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ በመሆኑ ዘግይቶ የሚበስለው ይህ ፍሬ ኮምጣጣነቱን ሳያጣ ሊጎመራ ችሏል። ሌኦቪል ባርተን ከተከለው ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ካቤርኔ ሶቪኞን ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ሜርሎ ሲሆን ጥቂት ካቤርኔ ፍራን ይታከልበታል። ስለዚህ ለካቤርኔ የሰመረ ዘመን ለዚህ ርስትም የሰመረ ነው ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ብርጭቆው ውስጥ ያገኘሁትም ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ ወይን ለምን እንዲህ ይለወጣል? ታኒን ከፍሬው ልጣጭ፣ ከዘሩና ከበርሜሉ እንጨት የሚመጣ ንጥረ ነገር ነው። ወይኑ ወጣት ሳለ በምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ አፍን ያደርቃል፤ ብዙ ቆይቶ የጠቆረ ሻይ የሚያደርገውን ማለት ነው። በዓመታት ብዛት የታኒን ቅንጣቶች እርስ በርሳቸውና ልጣጩ ከሰጠው ቀለም ጋር ይያያዛሉ፤ ከመካከላቸው የከበዱት በዝቃጭ መልክ ወደ ጠርሙሱ ሥር ይወርዳሉ። አሮጌ ወይን ቀለሙ የሚሳሳውም፣ አፍ ላይ የሚለሰልሰውም በዚህ ምክንያት ነው። የፍሬው መዓዛ በበኩሉ እየደበዘዘ ቦታውን ለእንጨት፣ ለቅጠልና ለአፈር ሽታ ይለቃል። ይሁን እንጂ ጊዜ ያልነበረውን አይፈጥርም። በመጀመሪያ በቂ ታኒን፣ በቂ ኮምጣጣነትና በቂ ፍሬ ያልነበረው ወይን ሃያ ዓመት ቢቀመጥ አሮጌ ይሆናል እንጂ የተሻለ አይሆንም። የሌኦቪል ባርተን ሰዎች በወጣትነቱ ጠንከር ብሎ የሚታየውን ወይን ለማለሳለስ አለመቸኮላቸውን የማከብረው ስለዚህ ነው።

አሠራራቸውም ከዚህ አካሄድ ጋር የተስማማ ነው። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸው ወደ ብረት ጋን ሲዞሩ እነርሱ ወይኑን በትልልቅ የእንጨት ጋኖች ማብላላቱን አልተዉም፤ የጋኖቹን ሙቀት ግን በዘመናዊ መንገድ ይቆጣጠራሉ። ከዚያ በኋላ ወይኑ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ በባሉጥ በርሜል ይቀመጣል። አዳዲሶቹ በርሜሎች በርከት ያሉ ቢሆኑም፣ ከቀመስኳቸው ሦስት ምርቶች በአንዱም የበርሜሉ ቅመም ፍሬውን ሲሸፍን አላገኘሁትም።

ስለ ቤተሰቡ ማንሳት የግድ ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ወይን ጠባይ ከባለቤቶቹ ጠባይ የሚለይ አይመስለኝም። ነገሩ የሚጀምረው ከአየርላንድ መጥቶ በ1725 ቦርዶ ላይ የወይን ንግድ ቤት ካቋቋመው ከቶማስ ባርተን ነው። የልጅ ልጁ ሂው ባርተን በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ታስሮ ከተፈታ በኋላ ከአገር ሲወጣ፣ ንግዱን የጠበቀለት ፈረንሳዊ ሸሪኩ ዳንኤል ጌስቲዬ ነበር። ሂው በ1821 ሻቶ ላንጎኣን ገዛ፤ አምስት ዓመት ቆይቶ በ1826 ደግሞ ከአብዮቱ በፊት አንድ ወጥ ከነበረውና ኋላ ከተከፋፈለው ከታላቁ የሌኦቪል ርስት አንዱን ክፍል ጨመረ። የተቀሩት ክፍሎች ዛሬ ሌኦቪል ላስ ካዝ እና ሌኦቪል ፖዋፌሬ የሚባሉት ናቸው። ሂው የገዛው ክፍል መኖሪያ ቤትም መጥመቂያም ስላልነበረው የሌኦቪል ባርተን ወይን ከጥንት ጀምሮ የሚጠመቀው በላንጎኣ ግቢ ነው። በጠርሙሱ ወረቀት ላይ የሚታየው በ1758 የተሠራው ያማረ ቤትም የላንጎኣ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ሌኦቪል የሚባል ቤት ፍለጋ በሳን ዡሊያን መንገድ የሚመላለስ እንግዳ አያገኘውም።

በ1855 በፓሪስ ለተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ትርኢት በናፖሊዮን ሦስተኛው ጥያቄ የሜዶክ ቀይ ወይኖች በአምስት ደረጃ ሲመደቡ፣ ሌኦቪል ባርተን ሁለተኛ፣ ላንጎኣ ሦስተኛ ደረጃ አገኙ። ያ ምደባ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ከታች ወደ ላይ ያደገበትም አንድ ርስት ብቻ፣ በ1973 አንደኛ ደረጃ የገባው ሙቶን ሮትሺልድ ነው። በምደባው ካሉት ርስቶች አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሸጠው ተገዝተዋል፤ አሁን በኢንሹራንስ ድርጅቶችና በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ያሉትም ጥቂት አይደሉም። የባርተን ቤተሰብ ከ1855 በፊት ጀምሮ ርስቱን ሳይለቅ ከቆዩት እጅግ ጥቂቶች አንዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንኳ፣ ባለቤቱ ሮናልድ ባርተን ከእንግሊዞች ጎን ተሰልፎ ሳለ፣ ርስቱ የጠላት ንብረት ተብሎ እንዳይወረስ ያደረገው የጌስቲዬ ቤተሰብ መሆኑ ይነገራል፤ ባርተኖች አየርላንዳውያን ናቸው፣ አየርላንድም ገለልተኛ አገር ናት ብለው ጀርመኖቹን አሳመኗቸው። ሮናልድ በ1983 ርስቱን ለወንድሙ ልጅ ለአንተኒ ባርተን አስረከበ፤ አንተኒም እስከ ዕርጅናው ሠርቶ በ2022 ሲሞት፣ ሥራው አስቀድሞ ከጎኑ ስትሠራ ወደ ነበረችው ልጁ ሊልያን ባርተን ሳርቶሪየስ ተላልፎ ነበር። የእርሷም ልጆች ዛሬ ከእናታቸው ጋር ይሠራሉ።

አንተኒ ባርተን በቦርዶ ሰዎች ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚወሳው ዋጋ ባለማናሩ ነው። የሜዶክ ታላላቅ ቤቶች ወይናቸውን ገና በበርሜል ሳለ በየጸደዩ በነጋዴዎች አማካይነት ሲሸጡ፣ በታላላቅ ዘመናት ዋጋ በአንድ ጊዜ ዕጥፍ የሚሆንበት አጋጣሚ አለ። እርሱ ግን ወይኑ ተከፍቶ እንዲጠጣ እንጂ በመጋዘን እንዲነገድበት አልፈለገም። ይህ ወይኑን ርካሽ አላደረገውም። የቅርብ ዓመታት ምርቶቹ አንዱ ጠርሙስ ከ100 ዩሮ ብዙም ባልራቀ ዋጋ የሚገኝ ሲሆን፣ ይህ ለአንድ ጠርሙስ ትልቅ ገንዘብ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የአንደኛ ደረጃዎቹ ዋጋ ብዙ መቶ ዩሮ እንደሚደርስ ላሰበ ሰው፣ በጥራት ልዩነቱ እንዲህ ሰፊ አለመሆኑ ሲቀመስ ይታወቃል።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። የ2000ው ገና አልደረሰም። ቀለሙ ጥቁር፣ ፍሬው ሙሉ፣ ጣዕሙ ጥልቅ ነው፤ ግን ከተቀዳ በኋላ ሁለት ሰዓት እስኪሞላው ዝግ ሆኖ ቆየ፣ ታኒኑም ከምግብ በፊት አስቸጋሪ ነበር። የፖያክ የበግ ጠቦት ጥብስ ሲቀርብ ነው የተከፈተው፤ የሥጋው ስብና ፕሮቲን ታኒኑን ስለሚያበርደው፣ ቅድም ጠንካራ የመሰለን ወይን በድንገት ጣፋጭ ፍሬ ሆኖ ተገኘ። ይህን ምርት በጓዳ የያዘ ሰው ካሉት ጠርሙሶች አንዱን አሁን ከፍቶ ቢያይ አይቆጭም፤ የቀሩትን ግን ቢያቆያቸው እመክራለሁ። ለረጅም ዕድሜ የተሠራ ወይን ነውና ከ1996ቱ የሚበልጥበት ቀን ይመጣ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ያ ቀን ዛሬ አይደለም እንጂ።

የ2003ቱ የተለየ ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ አውሮፓን የመታው ሙቀት ብዙ የቦርዶ ወይን ወደ ተቀቀለ ፍሬ ጣዕም እንዲያዘነብል አድርጓል፤ እኔም ስቀምሰው ከዚህ ስጋት ነፃ አልነበርኩም። እዚህ ግን ከጠጠሩ በታች ያለው ሸክላማ አፈር ውሃ ስለሚይዝ ተክሎቹ ያን ደረቅ በጋ እንደ ተቋቋሙት ይታመናል፤ ወይኑም ሞቅ ያለ፣ ወፍራምና ለጋስ ቢሆንም አልተሰበረም። ከሦስቱ ፈጥኖ የሚወደደው ይህ ነው፤ በዚያ ምሽት ለወይን አዲስ የነበረው እንግዳም የመረጠው እርሱን ነበር። እኔ የ1996ቱን ቀጥተኛነት እመርጣለሁ፣ ግን ይህን ምርጫ የጣዕም ጉዳይ አድርጌ እንጂ እንደ ፍርድ አላቀርበውም።

በጀቱ ለማይፈቅድለት ሰው ላንጎኣ ባርተን አለ። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሠራተኛ፣ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ተጠምቆ፣ መሬቱ ብቻ የተለየ ነው። ከሌኦቪል ቀለል ይላል፣ ቀድሞም ይደርሳል፤ የእርሳስ ሽታው ግን አይታጣበትም። ከዚህ ቤት ወይን ጋር ለመተዋወቅ የሚፈልግን ሰው ሁልጊዜ በላንጎኣ እንዲጀምር እመክረዋለሁ።

አሮጌ ጠርሙስ ስለ መግዛት ደግሞ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የ1986ቱን ሌኦቪል ባርተን ከአንድ ሻጭ ላይ በፎቶግራፍ ብቻ አይቼ ገዛሁ። ጠርሙሱ ሲደርሰኝ የወይኑ ልክ ከአንገቱ በታች፣ ትከሻው መሃል ወርዶ አገኘሁት፤ ቡሹም ወደ ውጭ ገፋ ብሎ የነበረ ሲሆን፣ ከቆርቆሮ ሽፋኑ ሥር የደረቀ ወይን ነበረበት። ይህ ሁሉ ሙቀት እንደ ነካው የሚናገር ምልክት ነው፤ ሙቀት ወይኑን ሲያሰፋው ቡሹን ይገፋዋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየር ይገባበታል። ስከፍተው እንደ ፈራሁት የተቀቀለ ፕለምና የኮምጣጤ ሽታ ብቻ ቀርቶታል። ጥፋቱ የርስቱ አልነበረም፤ በመካከል የያዙት ሰዎች ባልተመቸ ቦታ አስቀምጠውታል፣ ሻጩም ያን አልነገረኝም። በጣም ያሳዘነኝ ገንዘቡ ሳይሆን፣ ዳግም የማይሠራ የአንድ ዓመት ምርት እንደዚያ መበላሸቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የወይኑን ልክና የቡሹን ሁኔታ በግልጽ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሳላይ፣ ጠርሙሱ የት እንደ ኖረም ሳልጠይቅ አልገዛም። የሃያ ዓመት ወይን ልኩ ከአንገቱ ሥር ቢሆን አያስፈራም፤ ወደ ትከሻው ከወረደ ግን መጠንቀቅ ይገባል።

ራሱ ለሚያስቀምጥ ሰው የሚያስፈልገው የሚያኮራ ጓዳ ሳይሆን የማይለዋወጥ ነው፤ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሆን ሙቀት፣ ጨለማ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ ጥቂት እርጥበት፣ ጠርሙሱም በጎኑ የተኛበት መደርደሪያ። ሊጠጣ ሲታሰብ ከአንድ ቀን በፊት ቀና ተደርጎ ቢቆም ዝቃጩ ወደ ሥሩ ይሰበሰባል። አሮጌ ቡሽ ስለሚፈረካከስ፣ ወዳጄ እንደ ተጠቀመበት ያለ፣ ሁለት ስስ የብረት ምላሶቹ በቡሹ ጎንና ጎን የሚገቡ መክፈቻ ከጠመዝማዛው ይሻላል። ከዚያ ከጠርሙሱ አንገት በስተኋላ ብርሃን አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ካራፍ፣ ማለትም ወይን ወደሚገለበጥበት የመስታወት ማንቆርቆሪያ፣ ማንቆርቆር፣ ዝቃጩም አንገቱ ላይ ሲታይ ማቆም ነው። የ2000ውን ከሁለት ሰዓት በፊት መገልበጥ ይጠቅመዋል። የ1996ቱን ግን ከምግቡ ጥቂት ቀደም ብሎ መገልበጥ ይበቃል፤ ያረጀ መዓዛ በአየር ቶሎ ይበተናልና። ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፤ በሞቀ ክፍል ውስጥ የቆየ ጠርሙስ አልኮሉ ገኖ ያን ሁሉ ዝርዝር ይሸፍነዋል።

በዚያ ምሽት መጨረሻ፣ ሳህኖቹ ከተነሡ በኋላ፣ ከ1996ቱ በብርጭቆዬ ሥር ሁለት ጉንጭ ያህል ቀርቶ ነበር። ሦስት ሰዓት አየር ላይ ቆይቶም የእርሳሱ ሽታ አልለቀቀውም፤ ፍሬው ግን አሁን የደረቀ ጽጌረዳ መስሎ ነበር። ከቦርዶ ከመመለሴ በፊት የ2016ቱን ምርት ስድስት ጠርሙስ አዘዝኩ፤ የመጀመሪያውን ለመክፈት ያሰብኩት በ2036 ነው።